የኦክቢ አንጓ

እናቴ ሕመሟን በልጆቿ ስም ነው የምትጠራው። ወገቧ የእህቴ የኦክጂን ነው፤ ሁለቱ የእጅ አንጓዎቿ የኔ የኦክቢ ናቸው። ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር፣ እጇን እያሻሸች "የኦክቢ ተነሥቷል፣ ልብሱን አስገቡ" ትላለች። አስገብተን ሳንጨርስ ይዘንባል። የመንደራችን ሰዎች ከሬዲዮው ይልቅ የኔን ቁርጥማት ያምኑ ነበር። ፖም የሚያለሙት ጎረቤቶቻችን ዛፎቻቸው ላይ መድኃኒት ከመርጨታቸው በፊት አጥራችን ጋ ቆም ይሉና "የኦክቢ እንዴት አድሯል?" ብለው ይጠይቃሉ። የሚጠይቁት ስለ እኔ ሳይሆን ስለ እጇ ነው።

ሰው ይሥቅበታል። እኔ አልሥቅበትም ነበር። በእኛ አገር አራስ አጥንቷ ክፍት ነው ይባላል። ሦስቱ ሰባት፣ ማለትም ሃያ አንዱ ቀን እስኪሞላ ቀዝቃዛ ውኃ ከነካች ወይም ነፋስ ካገኛት ብርዱ መገጣጠሚያዋ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀመጣል። ሊያስወጣው የሚችለው ሌላ ልጅ ወልዶ በደንብ መታረስ ብቻ ነው ይላሉ። እናቴ ከኔ በኋላ አልወለደችም።

ብርዱ እንዴት እንደገባባት ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። የማውቀው በጥር መወለዴን፣ አባቴ ያኔ ከሰል ማውጫ ሥራ ሄዶ እንደነበር፣ አያቴ ደግሞ ወንድ ትጠብቅ እንደነበር ነው። የቀረውን ራሴ ሞላሁት። በሁለተኛ ሴት ልጅ የተናደደች አማት አራሷን ወንዝ አውርዳ ጨርቅ አሳጥባታለች፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ወንድ ብሆን ኖሮ እናቴ ጤነኛ እጅ ይኖራት ነበር። ይህን ሐሳብ ይዤ ነው ያደግሁት። በሰባት ዓመቴ የታጠበ ልብስ የምጨምቀው እኔ ነበርኩ። ሳህን ከእጇ ወድቆ ሲሰበር እሷ "ምንም አይደል፣ የኦክቢ ነው" ትላለች፤ እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ ስብርባሪውን እለቅማለሁ።

ስለዚህ ያረገዝኩ ጊዜ ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ። የቱንም ሕመም ቢሆን በልጄ ስም አልጠራም አልኩ።

ሀሪንን የወለድኩት በሐምሌ ነው። የምንኖርባትን የዴጉ ከተማን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ባለቤቴ ጉንሆ አራሶች የሚታረሱበት ጥሩ ቤት ፈልጎ ቦታ አስይዞልኝ ነበር። አየር ማቀዝቀዣ አለው፣ ነርሶች አሉት፣ ሕፃኗን የሚይዝልኝ ሰው አለ። እናቴ ይህን በስልክ ሰማችና "እኔ ሞቻለሁ እንዴ?" አለች። ጉንሆ በዚያው ቀን ሰረዘው።

ከሆስፒታል በወጣሁ ዕለት በአውቶቡስ መጣች። በአንድ እጇ ቁመቷን የሚያክል፣ ባሕር ውስጥ የሚበቅል የደረቀ የባሕር ቅጠል ይዛለች። ለአራስ ሾርባ የሚሆነው ቅጠል አይታጠፍም፤ ከታጠፈ ምጥ ያከብዳል ስለሚባል ሦስት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ባንዲራ አቁማ ይዛው መጥታለች።

"እማዬ፣ እኔኮ ወልጃለሁ። አሁን ቢታጠፍስ?" አልኳት።

"ለሚቀጥለው ነው" አለች።

ከቅጠሉ ሌላ አንድ ትልቅ ዱባ፣ ስድስት ጥንድ የሱፍ ካልሲና አንድ እስር ረጃጅም የሩዝ ገለባ ነበራት። ገለባው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። "ይኖራል" አለችና በረንዳ ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ቤቱ የሷ ሆነ። የአየር ማቀዝቀዣውን አፍ በፕላስተር አሸገችው። ወለሉን ከሥር የሚያሞቀውን ቧንቧ ከፈተችው፤ በሐምሌ። እኔን ካልሲ አልብሳ፣ እጅጌዬን እስከ ጣቴ ጎትታ፣ ብርድ ልብስ ደርባ አስተኛችኝ። ጥርሴን የማጥበው ለብ ባለ የጨው ውኃ ሆነ። ሾርባው በቀን አምስት ጊዜ ይመጣል። ጉንሆ ሁለት ቀን ታገለና መኝታውን ተሸክሞ በረንዳ ወጣ።

"እናቴ፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ መስኮት ብንከፍት ምን ይመስልዎታል?" አላት አንድ ቀን ላቡ ሸሚዙን አጣብቆበት።

"አንተ ወልደሃል?"

"አልወለድኩም።"

"እንግዲያው በረንዳው አለልህ" አለችው፤ ሩዝም ጨመረችለት። ትወደዋለች። እሱም ይወዳታል፤ ቅር ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ሲገባ ልብሱ ላይ የገለባ ስብርባሪ ይገኛል። የሥራ ባልደረቦቹ "ጉንሆ፣ ከላም ጋር ነው እንዴ የምታድረው?" እያሉ አሰለቹት። ማን እንደሚበትነው አላወቅንም፤ ነፋስ ነው አልን።

በስምንተኛው ቀን እናቴ ሥጋ ልትገዛ ወጣች። በሩ እንደተዘጋ ሀሪንን አስተኛሁና ካልሲዬን አወለቅሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ደስ ይለኛል። ቀዝቃዛ ውኃ ከፍቼ ሥሩ ቆምኩ፤ ፀጉሬን ታጠብኩ፤ ከማቀዝቀዣው የገብስ ሻይ አውጥቼ ከነበረዶው ጠጣሁ፤ መስኮቱን ከፍቼ እርጥብ ፀጉሬን ነፋስ ላይ አሰጣሁት። ከስምንት ቀን በኋላ ሰው ሆንኩ። ከዚያ ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። የረሳችውን ጃንጥላ ልትወስድ ነበር የተመለሰችው።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም። መስኮቱን ዘጋች፣ ፎጣ አመጣች፣ ፊቴ ተንበርክካ ካልሲዬን ታለብሰኝ ጀመር። ጣቶቿ ካልሲውን መወጠር አልቻሉም፤ በጥርሷ ረዳችው። ያንን ሳይ ከቀዝቃዛ ውኃ ያገኘሁት ደስታ ሁሉ ጠፋ።

በማግስቱ ዝናብ ሆነ። ሀሪንን ከመኝታዋ ላነሣ ስል ከቀኝ አውራ ጣቴ ሥር እስከ ክንዴ አንድ ነገር ቆረጠመኝና ልጄን መልሼ አስቀመጥኳት። ሐኪሜ ሕፃን በማንሣት የእጅ ጅማት እንደሚቆጣ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ በብዙ እናቶች ይደርሳል፣ ይድናል ብሎኛል። ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ግን እጄን ይዛ አንጓዬን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ገባ" አለች።

"ምንም አልገባም፣ እማዬ።"

"ገባ እንጂ። እኔ ነኝ ጥዬሽ የወጣሁት። እንግዲህ ይሄ የሀሪን ነው።"

ያ ቃል ነው ያፈነዳኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ጡቴ አብጧል፣ ወለሉ ይፋጃል፤ ከሁሉም በላይ ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የዋጥኩት ነገር ነበር።

"የሀሪን አይደለም" አልኳት። "እሷ ምን አደረገች? ዘጠኝ ቀኗ ነው። እኔስ ምን አድርጌሽ ነው? በጥር ውለጂኝ ብዬሻለሁ? ሴት አድርጊኝ ብዬሻለሁ? ዕድሜዬን ሙሉ የኦክቢ፣ የኦክቢ። ሳህን ሲሰበር የኦክቢ፣ ሲዘንብ የኦክቢ። አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ እጅሽን የወሰድኩብሽ። ልጄን ግን እንደዚያ ብዬ አልጠራትም። እንደዚያ ስትጠራ የምትሰማ ልጅ ምን እንደሚሰማት አታውቂም።"

እናቴ አፏን ከፈት አድርጋ አየችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ አይደለም፤ ግራ መጋባት ነው። ሾርባውን ከእሳት አወረደች፣ እጇን በመቀነቷ አደረቀችና በረንዳ ወጣች።

ሀሪንን አጠባሁ። ካጠባሁ በኋላ አሁንም አልተመለሰችም። በመስታወቱ ባይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ የገለባው እስር ተፈትቷል። ጥቂት ገለባ ታነሣለች፣ በሁለት መዳፏ መሃል አድርጋ ልትገምደው ትሞክራለች፣ ገለባው ይበተናል። ደግማ ታነሣለች፣ ደግሞ ይበተናል። ጣቶቿ አይታዘዙላትም። ያን ጊዜ የጉንሆ ልብስ ላይ የሚገኘው ስብርባሪ ከየት እንደሚመጣ ገባኝ። በየማለዳው እሱ ሲታጠብ፣ እኔ ሳንቀላፋ፣ ስትሞክር ኖሯል።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

"ግቢ፣ ነፋስ አለ" አለች ዞር ሳትል።

"ነፋስ የለም። ምን እየሠራሽ ነው?"

"ገመድ።" የተበተነውን ሰበሰበች። "የበር ገመድ። ልጂቱ ከተወለደች ዘጠኝ ቀኗ፣ በራችሁ ግን ባዶ ነው። ውኃ ማጣሪያ የሚያጸዳው ይገባል፣ ዕቃ የሚያደርሰው ይገባል፣ ማንም ከየትም መጥቶ ይገባል። የመጣሁ ዕለት ልሰቅለው ነበር። እጄ እምቢ አለ።"

በመንደራችን ልጅ የተወለደበት ቤት በር ላይ ወደ ግራ የተገመደ የገለባ ገመድ ይሰቀላል። ወንድ ከሆነ ቀይ በርበሬ፣ ሴት ከሆነች ከሰልና የጥድ ቅጠል ይሰካበታል። ሦስቱ ሰባት እስኪሞላ ያንን ገመድ አልፎ የሚገባ የውጭ ሰው የለም። ልጅ ሆኜ በየበሩ አይቼዋለሁ፤ ፎቅ ላይ ግን ማን ይሰቅላል? አስቤውም አላውቅ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ገፍታ አላስገባችኝም።

"አያትሽ ለኦክጂን ሰቅላ ነበር" አለች። "የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ ትሁን ብላ። ላንቺ ጊዜ ግን አልሰቀለችም። አባትሽ የለም። ጠየቅኳት። 'ለሁለተኛ ሴት ደግሞ ምን ገመድ ያስፈልጋል?' አለችኝ። በመጀመሪያው ቀን የደረቀ ዓሣ ሻጩ ግቢ ድረስ ዘው ብሎ ገባ። ምን ያድርግ፣ በሩ ላይ ምልክት የለም። በሦስተኛው ቀን የታችኛው ቤት ሴትዮ ወንፊት ልትዋስ መጣች። ከየት መጣች መሰለሽ? ከለቅሶ ቤት። አስከሬኑ ገና አልወጣም፤ ከሬሳ አጠገብ የመጣ ሰው ደግሞ አራስ ቤት አይገባም። በሩን ከፍታ እራስሽ ላይ ቆመችና 'ውይ፣ ወልደሻል እንዴ? ማን ነገረኝ!' አለች።"

እናቴ ገለባውን በጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

"ያኔ ተነሣሁ።"

"ማን አስነሣሽ?"

"ማን ያስነሣኛል? ራሴ ነኛ። ጓሮ ወጣሁ። የጥር ገለባ ደረቅ ነው፣ ሳታርሺው ከገመድሽው ይሰበራል። እንስራው ላይ የነበረውን በረዶ በድንጋይ ሰበርኩና ገለባውን ነከርኩ። ደጅ ላይ ተቀምጬ ገመድኩ። ዕቃ የሚታሰርበት ገመድ ወደ ቀኝ ነው፤ እጅ የለመደው እሱን ነው። የልጅ ግን ወደ ግራ ነው፤ አንጓን ያጣምማል። ከረፋድ እስከ ከሰዓት ፈጀብኝ። ጣቶቼ ገለባውን ይያዙት አይያዙት አላውቅም ነበር። ከምድጃው ከሰል ወሰድኩ፣ ከጓሮው ጥድ ቀጠፍኩ፣ ወጥቼ በሩ ላይ ሰቀልኩት።"

"አያቴስ?"

"ወጣች። 'ይሄ ምንድን ነው?' አለች። 'እዚህ ቤት ሰው ተወልዷል' አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። ትበጥሰዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልበጠሰችውም። ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ጎንበስ ብላ ከሥሩ አለፈች። ከዚያ በኋላ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ማንም ድርሽ አላለም። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ከሰሉን ያያል። ሴት ናት፣ ተወልዳለች፣ ብሎ ያልፋል።"

ከዚያ እጆቿን አነሣች፤ ያበጡትን፣ ወደ ጎን የዞሩትን አንጓዎቿን አሳየችኝ።

"እንግዲህ ይሄ ሲቆረጥመኝ የማን ልበል? የዚያች የወንፊቷ ሴትዮ ልበል? የበረዶው ልበል? እኔኮ በኦክቢ ስም ስጠራው እየኮራሁ ነበር። የምታውቂ መስሎኝ።"

"በምን አውቃለሁ? ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?"

"አልነገርኩሽም?" አለች፤ እውነት ገርሟት ነበር። "እኔማ በየዝናቡ የነገርኩሽ ይመስለኝ ነበር።"

ትከሻዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ዕዳ፣ ዕዳ አልነበረም። ሁለታችንንም አላበን፤ በዚያ ሙቀት ላይ እንባ ሲጨመር ምን ይሆናል? "አታልቅሺ፣ የአራስ እንባ ዓይን ያፈዛል" አለችኝና በካልሲ ጠረገችልኝ። ንጹሕ ካልሲ ነበር፤ ሁልጊዜ መቀነቷ ሥር ትርፍ ካልሲ አታጣም።

እኔ ልግመደው አልኳት። ገለባውን ከእጄ ነጠቀችኝ። "በዚህ እጅሽ? እሱን ደግሞ በማን ስም ልትጠሪው ነው?"

ስለዚህ ሥራው ለጉንሆ ደረሰው። አመሻሽ ላይ ከቢሮ ገብቶ ክራቫቱን ሳይፈታ በረንዳ ላይ አስቀመጥነው። ገለባውን አርሰን ሰጠነው። የመጀመሪያውን ክንድ የሚያህል ገምዶ በኩራት አሳየን።

"ወደ ቀኝ ነው" አለች እናቴ። "በዚህ ጎመን ልታስርበት ነው? ፍታው።"

ፈታው። ሁለተኛውም ወደ ቀኝ ሆነ። እጅ የለመደው ይሄዳል። በሦስተኛው ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ ሆነ።

"ይሄን ያህል ዓመት ትምህርት ቤት ምን ነበር የሚያስተምሩህ?"

"እናቴ፣ ሒሳብ ነው።"

"ግራና ቀኝ ሒሳብ ውስጥ የለም?"

ገመዱ ጫፉ ካልተያዘ አይጠብቅም፤ እናቴም መያዝ አቃታት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ወደ እግሬ ደግሞ አየች። "እግርሽን አምጪ" አለች። "እሱ ካልሲ አለው።" የገመዱን ጫፍ በካልሲዬ ረግጬ ያዝኩ። ጉንሆ ምላሱን አውጥቶ ይገምዳል፣ እናቴ መዳፏን በእጁ ላይ አድርጋ ወደ ግራ ትገፋዋለች። ሀሪን ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር። መልኩ እንግዲህ አይጠየቅ፤ አንድ ቦታ ወፍራም፣ አንድ ቦታ ቀጭን፣ ፂም የበዛበት ገመድ ሆነ። ከሰሉን ከምግብ ቤት ለምኖ ያመጣው ጉንሆ ነው፤ ጥዱን ከፎቃችን ሥር ካለው አጥር እናቴ ራሷ ቀጠፈችው። በአሥረኛው ቀን ጠዋት በራችን ላይ ሰቀልነው።

እናቴ ራቅ ብላ አየችው። "እንግዲህ ሦስቱ ሰባት ከዛሬ ይቆጠራል" አለች።

ጉንሆ መኝታውን በረንዳ ላይ እንደገና አስተካከለ።

ገመዱ ሥራውን ሠራ። ዕቃ አድራሹ ካርቶኑን አሳንሰሩ ጋ ትቶ ይደውላል። ውኃ ማጣሪያ የሚያጸዳው በሩ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ገመዱን ሲያዩ ቆም ብለው፣ ከሰሉን በጣታቸው ሳይነኩ ተመልክተው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነስተው ሄዱ። በማግስቱ የበሩ እጀታ ላይ አንድ እስር የባሕር ቅጠል ተንጠልጥሎ አገኘን። አልታጠፈም።

ጥር ሲገባ ሀሪን መቀመጥ ለምዳለች። በልደቴ ቀን እናቴ ከመንደር ደወለች። በእኛ ዘንድ ሰው በልደቱ የሚበላው እናቱ በአራስነቷ የጠጣችውን ያንኑ ሾርባ ነው፤ እና በየዓመቱ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሾርባውን ጠጣሽ?"

"ጠጣሁ። እጅሽ እንዴት ነው?"

"የኦክቢ ከጠዋት ጀምሮ አላስቀመጠኝም። በረዶ ሊጥል ነው።"

መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ቀኝ እጄን አንሥቼ አውራ ጣቴን አጠፍ ዘርጋ አደረግሁ።

"እዚህም ይጥላል" አልኩ። "የሀሪንም ከትናንት ጀምሮ ተነሥቷል።"

ካልኩት በኋላ ነው የገባኝ። አልጠራም ብዬ የማልኩትን ጠራሁት፤ ከአፌ ሲወጣም የቅሬታ ድምፅ አልነበረውም። ሀሪን ስሟን ሰምታ ቀና ብላ አየችኝ። ይህን ልጅ በዚህ እጅ አንሥቼ ነው ያሳደግሁት እያልኩ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም። ትልቅ ስትሆን በቃል እነግራታለሁ፤ ዝናብ እስኪነግርልኝ አልጠብቅም።

እናቴ በስልኩ ውስጥ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

"ካልሲ አድርገሻል?" አለች በመጨረሻ።

"አድርጌያለሁ" አልኳት፤ እውነትም አድርጌ ነበር።